አሬራ የመሰለው ሰማይ

ከቤቴ ጎን ያለው የእንግዳ ማረፊያ ለጥምቀት ብሎ የሰቀለውን መብራት ጥምቀት ካለፈ በኋላም አላወረደውም። ቀዩ ሲጠፋ አረንጓዴው ይበራል። ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ የሚያበራ ሌላ ትልቅ አምፖልም አለ። ግድግዳ ምን ቸግሮት ነው እስኪነጋ የሚበራለት? አይሄድ፣ እንቅፋት አይመታው። ሰው ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ “ጎንደር አማረባት” ይላል።

ከሰው በፊት ራሴን ልንቀፍ። እኔም ልጆቼ በጨለማ ይወድቃሉ፣ ሌባ ይገባል እያልኩ ግቢዬ ውስጥ አምፖል አብርቼ አሳድራለሁ። ፈሪ ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ሰማይ መጥፋቱን ለማወቅ ግን ትምህርት አይጠይቅም ነበር። ቀና ብዬ አላየሁም፤ ይኸው ነው። ያወቅሁት አጎቴ ከመካነ ብርሃን ለዓይናቸው ሕክምና ሲመጡ ነው።

አያ እያልኩ የምጠራቸው እኒህ የእናቴ ወንድም ናቸው ያሳደጉኝ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ነበር። መጀመሪያ የግራው ተሠራ፤ የቀኙ በሳምንቱ ተቀጠረ። ፋሻው ሲነሣ ነርሷ ጣቶቿን ዘርግታ “ስንት ነው አባባ?” አለቻቸው።

“ሦስት።”

“ጎበዝ!” ብላ አጨበጨበች። እኔም እልል ልል ቃጣኝ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ዓይኑን የሚፈትነው በጣት አይደለም። ማታ ደጅ ወጥቶ ተጠጋግተው የሚታዩትን ሰባቱን ከዋክብት ይቆጥራል። ስድስት ካገኘ ሸጋ ነው፤ ሰባተኛዋን ወጣትም አያያት። እንደ ጭጋግ ከተደባለቁበት ዓይኑ ደክሟል። ጭራሽ ካጣቸው ታውሯል፣ አለቀ። አያም ከእራት በኋላ ግቢው መሐል ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ብዙ ቆዩ።

“ሞራው አልተነሣም” አሉ። “ሰማዩ ሁሉ አሬራ መስሎ ይታየኛል።”

“አያ፣ መብራቱ እኮ ነው።”

“መብራት ኮከብ ይበላል? ምነው ልጄ፣ ልታባብይኝ ነው?”

ልጄ ስልኳን ይዛ መጣች። “ይኸውልዎት አያ፣ ሰባቱም እዚህ አሉ።”

“እሱማ በእጅሽ ነው ያለው። እኔ የጠየቅሁት የላይኛውን ነው።”

ሮጬ የራሴን አምፖል አጠፋሁ። ምንም ለውጥ የለም፤ አረንጓዴው ሄዶ ቀዩ መጣ። “ሁለተኛውን ዓይኔንማ አላስነካም፤ ጥላም ቢሆን ያይልኛል” ብለው ገቡ።

የቀኙ ዓይን ቀጠሮ ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። በዚያው ማታ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ማረፊያው ባለቤት ሄድኩ። “ወንድሜ፣ ለጥቂት ጊዜ አጥፋልኝ፤ አጎቴ ኮከብ ካላዩ አልታከምም ብለዋል” አልኩት።

ሳቁን ለቀቀው። ዘበኛውን ጠርቶ “ሰማህ? ለአንድ ሽማግሌ ሲባል ጎንደር ትጨልም ተባለ!” አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “እትዬ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጨለማ ኖረው አልጠገቡም? ብርሃን ይልመዱ እንጂ! እንግዳዬስ ቢደናቀፍ?” አለኝ።

“እንግዳህ የሚሄደው በግድግዳው ላይ ነው?”

ዘበኛው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። መብራቱ ግን አልጠፋም። በጠዳ መንገድ ከከተማው ወጣ ብለን ጨለማ ብናገኝስ ብዬ አስቤ ነበር፤ በማታ መውጣቱን እኔው ፈራሁ። ሲነጋ አያ ቀጠሮውን ትተው ማኪና ተሳፍረው ወደ አገራቸው ሄዱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በጎረቤት ስልክ ደወሉ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። “ስድስት! ስድስቱንም ለቅሜ አየሁ! ያችን ነርስ እጅሽ ይባረክ በያት።”

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ሐኪም ቤት ሄጄ ለቀኙ ዓይናቸው ሌላ ቀን ለመንኩ፤ እሺ አሉኝ። ወዲያው ደወልኩላቸው። “አያ፣ አሁንማ አምነዋል። ይምጡ።”

“ወዴት? እናንተ ዘንድ? ደህናውን ዓይኔን አንዴ ዕውር አሰኛችሁት፤ ሁለተኛውንም ይዤ ልምጣ? አልመጣም። ሐኪሙን ወዲህ ላኪው፤ እሱም የሠራውን አይቶ ይመለስ።”