ዲሪርሳ ፈረሱን ከመንካቱ በፊት

ዲሪርሳ ተክሉን ያወቅኩት ሱሉልታ ቤት ተከራይቼ በገባሁ ሰሞን ነው። የግቢያችን አጥር እሱ ፈረስ ከሚገራበት ሜዳ ጋር ይዋሰናል። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ አገጩ ወደ አንድ ጎን ጣመም ያለ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንድ ፈረስ ሲያይ አገኘዋለሁ። ከሥራ ስመለስም እዚያው ነው። መጀመሪያ ሥራ የፈታ ሰው መስሎኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ተግባባን፤ አሁን የምነግራችሁን ከራሱ፣ ከሚስቱ ከላሊሴ እና ከሰፈሩ ሰው ሰማሁ። የመጨረሻዎቹን ነገሮች ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አባቱ ኦቦ ተክሉ በአካባቢው የታወቁ ፈረስ ገሪ ነበሩ። አገራራቸው አንድ ብቻ ነው። ያልተገራውን ፈረስ ከወፍራም ግንድ ጋር አስረው ውሃ ይከለክሉታል። ከዚያ በጅራፍ ይገርፉታል። ደሙ በጎኑ ሲወርድና አንገቱን ሲደፋ ኮርቻ ጭነው ይወጡበታል። ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ስለነበር ከሩቅ ሳይቀር ፈረሱን እየሳበ ይመጣላቸው ነበር።

ዲሪርሳ ጢሙ ገና ማቆጥቆጥ በጀመረበት ዓመት አንድ ዳማ ድንጉላ ለአባቱ መጣ። ኦቦ ተክሉ ከፊት ሆነው ይገርፉታል፤ የዲሪርሳ ታላቅ ወንድም ገመቺስ ኮርቻውን ይዞ ከኋላ ተጠጋ። ፈረሱ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ ሰነዘረ። አንደኛው ኮቴ የገመቺስን ደረት መታው፤ ሌላኛው ጆሮ ግንዱን። ገመቺስ ከነኮርቻው ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀ፤ ተመልሶም አልተነሳ። አባትየው ልጃቸውን አገላብጠው አዩት። ወደ ቤት ገቡና መጥረቢያ ይዘው ወጡ። ፈረሱ እንደታሰረ ነው። አንገቱን መቱት፤ ሲንበረከክ ጀርባውን መቱት፤ ከሞተ በኋላም መምታታቸውን አላቆሙም። ጎረቤት ደርሶ ከኋላ አቅፎ ሲይዛቸው ፊታቸው፣ ልብሳቸው፣ ጢማቸው ሁሉ ደም ነበር። ዲሪርሳ አጥሩ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ አየ።

ከዚያ ቀን ሌላው ሰው የያዘው ሞቱንና ደሙን ነው። ከዲሪርሳ ዓይን ግን አንድ ሌላ ነገር አልጠፋ አለ። ፈረሱ ገመቺስን አላየውም ነበር። ዓይኑ ጅራፉ ላይ ተተክሎ ነበር። ታዲያ የሚገርፈውን ትቶ ያላየውን ለምን መታ? ይህን ጥያቄ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አባቱን ጠየቃቸው። ኦቦ ተክሉ በጥፊ መቱት፤ ጆሮው ደማ። ፈረስ ፈረስ ነው፣ ይራገጣል፣ ከዚህ ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም አሉት።

ጥያቄው ግን አልለቀቀውም። ሜዳ እየወረደ የሰፈሩን ፈረሶች ሲያይ መዋል ጀመረ። መዳፉን በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል አፍንጫው ላይ አቁሞ ይሄዳል፤ ፈረስ ዓለምን እንዴት እንደሚያያት ለማወቅ ነው። በአራት እግሩ እየዳኸ ወደ መንጋው ይጠጋል። የትኛዋ ባዝራ የትኛውን እንደምታባርር፣ ውርንጭላዋን በምን እንደምታስቆም፣ ሲፈሩ መጀመሪያ የትኛው የሰውነታቸው ክፍል እንደሚንቀሳቀስ ያያል። የሰፈሩ ሰው ሐዘን ናላውን አዙሮታል ብሎ አዘነለት። እሱ ግን አንድ ነገር አገኘ። ፈረስ ከጅራቱ ጀርባ ያለውን አያይም፤ ያላየው ነገር ደግሞ ሁሉ ሊበላው የመጣ ነው የሚመስለው። ገመቺስን ለሞት ያበቃው ፈረሱ ሲፈራ እሱ ከኋላ የቆመበት ቦታ ነበር።

ይህን ለአባቱ ሊያስረዳ ሞከረ። ኦቦ ተክሉ ከልጃቸው ሞት በኋላ ብሰው ነበር፤ በፊት ፈረሱ ሲደክም ያቆሙ የነበሩት ሰውዬ አሁን አያቆሙም። አንድ ቀን አንዲት ባዝራ ሲገርፉ ዲሪርሳ መሐል ገባ። ጅራፉ ፊቱ ላይ አረፈ፤ ከቅንድቡ እስከ ከንፈሩ ቀደደው። ሁለተኛው ሲሰነዘር በእጁ ያዘው፤ ተጎትቶ ቢወድቅም አልለቀቀም። በመጨረሻ ነጥቆ ወረወረው። አባቱን አልመታም፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ልብሱን ይዞ ወደ ቡራዩ ሄደ።

ቡራዩ ጋሪ ነዳ። በየአቅጣጫው ቤት ይሠራል፤ ጋሪዎቹ አሸዋና ብሎኬት ያመላልሳሉ። እዚያ ያየው ዱላ የአባቱን ጅራፍ የሚያስንቅ ነበር። ዳገቱ ላይ የቆመ ፈረስ በፌሮ ብረት ይመታል። አንዴ የወደቀች ፈረስ ስትደበደብ አላስችል ብሎት ቢከላከል፣ ባለጋሪው ፌሮውን በእሱ ጀርባ ላይ አሳረፈው። ለሳምንታት በደረቱ ተኝቶ አደረ።

ላሊሴን ያገኛት በዚያ ጊዜ ነው። ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት ቦታ አጠገብ ፀጉር ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን እናት ሕፃን ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ማበጠሪያ ገና ስታይ ትጮሃለች፤ ከዚህ በፊት ሌላ ቤት ይዘው በግድ አበጥረዋታል። ላሊሴ ልጅቷን አልያዘቻትም። ማበጠሪያውን ሰጠቻትና ጀርባዋን ሰጥታት መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ቆይታ ቆይታ የላሊሴን ፀጉር ማበጠር ጀመረች። ከዚያ በኋላ ተራ ተራ ሆነ። ዲሪርሳ ደጃፉ ላይ ሆኖ ሲያይ ቆየና እናትና ልጅ ሲሄዱ ገብቶ ጠየቃት።

«ለምን መጀመሪያ ለእሷ ሰጠሻት?»

«በእጇ ሲሆን ማበጠሪያ ነዋ» አለችው። «በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ዱላ ነው የሚመስላት።»

ዲሪርሳ ያን ቀን ጋሪውን መንዳት ትቶ እንደ ሞኝ ሲያስብ ዋለ። በማግስቱ ኮርቻ ሲያይ የሚናከስ አንድ ፈረስ አገኘ። ኮርቻውን ጋጣው ውስጥ መሬት ላይ ጣለለትና ሄደ። ፈረሱ ረገጠው፣ ነከሰው፣ ጎተተው። እየዋለ እያደረ ሲመጣ አሸተተው። በመጨረሻም ገብሱን እዚያው ኮርቻው ላይ ይበላ ጀመር። ጀርባው ላይ ሲጫንበት ዞር ብሎ እንኳን አላየውም። የፀጉር ቤት ነገር ፈረስ ቤት እንደሚሠራ ማንም አልነገረውም። ዲሪርሳ ከዚያ ወዲህ መልሱን ከፈረስ ብቻ መፈለግ ትቷል፤ ሚኒባስ ረዳት ሰካራም ተሳፋሪ ሲያግባባም፣ ሽማግሌ የተጣሉትን ሲያስማማም ቆሞ ያያል።

ላሊሴን አግብቶ ሱሉልታ ተመለሰ፤ የአባቱን ቤት ግን አልረገጠም። ሥራው ሲለመድለት ጥጋብ መጣ። ሰበታ ሄዶ አንድ ቦራ ፈረስ ሲገራ፣ እንደ ሌላው ሁሉ ኮርቻውን ጥሎለት ተጠጋ። ፈረሱ ግን የሚፈራው ኮርቻ ሳይሆን የሰው እጅ ነበር። ዞሮ በእርግጫ አገጩን ሰበረው። ዲሪርሳ ጥርሶቹን ከጭቃ ላይ ለቀመ። አገጩ በሽቦ ታስሮ በመምጠጫ ሾርባ እየሳበ በቆየበት ጊዜ ላሊሴ ተቆጥታ ይህን ሥራ እንዲተው ለመነችው። እሱ ደግሞ መናገር ስላልቻለ ማሰብ ብቻ ነው የቀረው። የመታኝ ለሌላ ፈረስ ያገኘሁት የትናንቱ መልስ ነው አለ ለራሱ። ሲድን አንድ ልማድ አወጣ። ማንኛውንም አዲስ ፈረስ፣ ምንም ቀላል ቢመስል፣ ከመንካቱ በፊት ምንም እንደማያውቅ ሰው ተቀምጦ ያያል። እኔ ሥራ የፈታ የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጉራቹ እመጣለሁ። ባርናባስ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሱሉልታ ዳር ትልቅ ግቢ የሠራ ሰው፣ ከተፍኪ አካባቢ ጉራቹ የተባለ አንድ ጥቁር ድንጉላ አስመጣ። ግቢው ሌሎች ባዝራዎችም አሉት። ጉራቹ በመጣ ሰሞን የፈረሶቹን ጠባቂ ጣቶች ነክሶ ቆረጠ። ባርናባስ ዲሪርሳን ጠራው። ዲሪርሳም እንደ ልማዱ ተቀመጠ። ፈረሱን ለይተው ወፍራም ግንብ ያለው በረት ውስጥ ዘግተውታል፤ ባዝራዎቹ ከግንቡ ማዶ ናቸው። ዲሪርሳ ፈረሱ ሰው ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ሰው በሌለበትም ጊዜ ግንቡን እንደሚደበድብ አየ። ሌላ የሚጨበጥ ነገር ገና አላገኘም። ባርናባስ መጠበቅ ሰለቸው። ተቀምጦ ማየትን እሱም እንደሚችል ተናግሮ አሰናበተውና ኦቦ ተክሉን አስጠራ።

እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ጩኸቱን እኔም ከቤቴ ሰማሁት። ዲሪርሳ ከፊቴ ይሮጣል። ስንደርስ በረቱ ተከፍቶ ሰው ዱላና አካፋ ይዞ ዙሪያውን ቆሟል። ኦቦ ተክሉ ጅራፋቸው ከአጠገባቸው ወድቆ መሬት ላይ ናቸው። ጉራቹ የቀኝ ክንዳቸውን ከትከሻቸው በታች በጥርሱ ጨምድዶ እንደ ጨርቅ ያርገፈግፋቸዋል። አጥንቱ ሲሰበር ይሰማ ነበር። ሰዎቹ ጀርባውን በዱላ በደበደቡት ቁጥር ጥርሱን ያጠብቃል። አንዱ በአካፋ ግንባሩን ገመሰው፤ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው፤ አሁንም አልለቀቀም። የግቢው ዘበኛ ጠመንጃውን ቢያነጣጥርም ሰውዬውን እንዳይመታ ፈርቶ መተኮስ አልቻለም።

ዲሪርሳ ቆመ። ለአፍታ ነው፤ እኔ ግን ፈዝዞ የቀረ መስሎኝ ልገፋው ነበር። ከዚያ ወደ አባቱ መሮጡን ትቶ በግንቡ ዞሮ ጠፋ። ሰው ሰደበው። ቀጥሎ የሰማነው የባዝራዎቹ በር ሲበረገድ ነው፤ ዲሪርሳ እየጮኸ ሁሉንም ወደ ሜዳው ነዳቸው። ኮቴያቸው መሬቱን አናወጠው። ጉራቹ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ክንዳቸውን ተፍቶ፣ ሰዎቹን ጥሶ፣ ተከትሏቸው በረረ።

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ሲሮጥ ዘበኛው ወደ ሜዳው ሮጠ። ጉራቹ ባዝራዎቹ መሐል ገብቶ ቆሞ ነበር፤ ረጋ ብሎ። ዘበኛው ተኮሰ። ፈረሱ በጉልበቱ ወደቀ፤ እንደገና ተኮሰበት። ዲሪርሳ ደርሶ ጠመንጃውን ነጠቀው፤ ሰውየውንም ጥሎ በቡጢ ፊቱን ይቀጠቅጠው ጀመር። አፍንጫው ተሰበረ፤ ጥርሱ ወለቀ። እኔና ሌሎች ተረባርበን ነው ያስለቀቅነው። እጁ ላይ ያለውን ደም ሲያይ እንደ ሕፃን ጮኸ። የአባቱ እጅ የእሱም ክንድ ላይ እንዳለ ያን ቀን እንዳወቀ ኋላ ነግሮኛል። ፖሊስ ወሰደው፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ዘበኛውን አሳክሞ ነው የወጣው።

የኦቦ ተክሉ ክንድ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተቆረጠ። ዲሪርሳ ሊጠይቃቸው ሲገባ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩት።

«በሩን የከፈትከው ለእኔ ነው ለፈረሱ?»

«ለሁለታችሁም ነው አባ። እርስዎን መግደል አይደለም የፈለገው፤ መውጫ ነው የፈለገው። ያለው ሰው ሁሉ እየደበደበ መውጫውን ዘጋበት።»

«ይህን መቼ አሰብከው?»

«አላሰብኩትም። ስመለከተው የከረምኩት ነገር ነው የመጣልኝ።»

ኦቦ ተክሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ግን ላሊሴ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው፤ እምቢ ለማለት አቅም አልነበራቸውም። ሜዳው ዳር ወንበር ወጥቶላቸው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሚሠሩት ልጃቸውን መሳደብ ነበር፤ ፈረስ በማባበል አይገራም፣ ጊዜ ታባክናለህ ይሉታል። ስድቡ እያነሰ መጣ። ፈረሶቹን ያያሉ። አንዳንድ ጊዜ ከእሱ ይልቅ እሳቸው ይቆያሉ።

ባለፈው ክረምት መውጫ አንዲት ነጭ፣ አምባላይ ባዝራ መጣች። ባለቤቷ ቸኩሏል። ዲሪርሳ በቂ ጊዜ አይቷታል፣ ኮርቻውንም ለምዳዋለች፣ የቀረው መውጣት ነው። እግሩን እርካብ ላይ ሲያደርግ ኦቦ ተክሉ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ዲሪርሳ! ዛሬ ተዋት።»

«ምነው አባ?»

«እንጃ። ደስ አላለኝም።»

ባለቤቱ ሳቀ። ዲሪርሳ እግሩን አወረደና ኮርቻውን ፈታ። ሰውየው ተናዶ ሄደ።

በማግስቱ የባዝራዋ የፊት እግር አበጠ። ዲሪርሳ ኮቴዋን አንሥቶ በቢላ ሲጠርገው ቁራጭ ሽቦ ገብቶ መግል ቋጥሯል። ሰው ቢወጣባት ኖሮ ሕመሙ አሳብዷት አንገቱን ትሰብረው ነበር። ኦቦ ተክሉን ጠራቸውና አሳያቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በቀራቸው እጅ እግሯን ዳሰሱ።

«ትናንት ውሃ ስትጠጣ ክብደቷን ወደ አንድ ወገን ጥላ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ትናንት ይህን አላሉም። ማየታቸውን ራሳቸውም ያወቁት አሁን ነበር።

ዲሪርሳ ሙቅ ውሃ እንዲመጣለት ላሊሴን ጠርቶ ቁስሉን ማጠብ ጀመረ፤ አባቱም የባዝራዋን ልጓም ይዘው ቆሙ።