ለአዲስ አበባ የታጠበው ጠርሙስ

በንጉሡ ዘመን ሞጣ ላይ በሳኒታሪያንነት ስቀጠር፣ ሥራዬ የምንጭና የወንዝ ውሃ እየቀዳሁ ለምርመራ አዲስ አበባ ማስላክ ነበር። ዛሬም ደሜን የሚያፈላው ግን አንድ የቢቸና ምንጭ ነው። ሰውም ከብትም አንድ ላይ ይጠጣበታል፤ ድንጋዩን አረንጓዴ አልጌ ሸፍኖታል። ተንበርክኬ፣ ጀርም እንዳይኖረው በተቀቀለ ጠርሙስ ቀዳሁ፤ ቅጹን ሞልቼ ፈረምኩ፤ ሞጣ ተመልሼ ለአለቃዬ አስረከብኩ።

ከወር በኋላ ውጤቱ እኔው በፈረምኩበት ቅጽ ላይ ተጽፎ መጣ፤ «ለመጠጥ ተስማሚ» ይላል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አለቃዬን ብጠይቃቸው ፈገግ አሉ።

«ያን አተላ ልላክ እንዴ? አገራችንን ምን ይሉናል! ጠርሙሱን አሳጥቤ ከቤቴ ኩልል ያለ ውሃ አስሞላሁልህ።»

ለእንግዳ ቤት እንደሚጠረግ መሆኑ ነው! ጉሮሮዬ ድረስ የመጣውን ስድብ ዋጥኩት፤ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «ይህ እኮ ሕዝብ ይፈጃል» ማለት ሲገባኝ «እሺ፣ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ።

ቢቸና ዳግም ስሄድ የውጤቱ ወረቀት ቀድሞኝ ደርሶ፣ በገበያ ቀን ተነቦ ኖሯል። ምንጩ ዳር ልጅ ያዘለች ሴት አገኘችኝ።

«ውሃችንን ያስመሰከሩልን እርስዎ ነዎት? ዕድሜ ይስጥዎት!» ብላ በቅል ቀድታ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

እምቢ ብል፣ ፊርማዬ ያለበት ወረቀት ውሸት መሆኑን ልነግራት ነው። አፈርኩና ጠጣሁት።

ቅሉን ተቀበለችኝ፤ ደግማ ቀዳችና ላዘለችው ልጅ አጠጣችው።