ለንግሥቲቱ የተሰፋ መጋረጃ

እናቴ እኔን እርስዎ ማለት ከጀመረች ቆየች። ትልቅ ሰው አክባሪ ናት፤ በእሷ ዓይን ደግሞ እኔ ፀጉሬ የሸበተ፣ መነጽር ያደረግሁ፣ አልፎ አልፎ እየመጣሁ የምጠይቃት አንዲት ሴትዮ ነኝ። ልጇ ገና ተማሪ ናት። ደብተሯን ይዛ በበሩ ትገባለች ብላ ስትጠብቅ ትውላለች።

የምትኖረው በፈረንጅ አገር፣ ሶደርማልም በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ከክፍሏ ወደ ሊፍቱ በሚወስደው ኮሪደር ላይ አንድ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። ዘውድ የደፋች፣ ነጭ ሻሽ ከአገጯ ሥር ያሰረች፣ በእጇ ትንሽ የወርቅ መስቀል የያዘች ንግሥት ናት። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ እንደሚለው ሠዓሊው የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ስፔናዊ ነው፤ ንግሥቲቱ ግን እሱ ከመወለዱ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድማ የሞተች የመካከለኛው ዘመን ሰው ናት። ስፔን ኖረው የተመለሱ አንድ ሽማግሌ እዚህ ሲገቡ ይዘዋት መጡ። ሲሞቱ ልጆቻቸው አንፈልግም ስላሉ ኮሪደሩ ወረሳት። እኔ ከመጀመሪያውም አልወደድኳትም። ኩራተኛ ናት፤ አስተያየቷ ሰው ደጅ አስጠንቶ የሚረሳ ባለሥልጣን ዓይነት ነው።

እናቴ ግን ገና ስታያት ከተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ጎንበስ ብላ ተሳለመቻት። መስቀልና ዘውድ አንድ ላይ ካየች ለእሷ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ መስቀሉን ከተቀበረበት ያስወጣችው ንግሥት ናት። ካህን ቢያያት ያልተባረከ የፈረንጅ ሥዕል ነው ይል ነበር። እኔም ይህንኑ ልናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በልቤ ግን በንግሥቲቱ ቀናሁ። ሠዓሊው ራሱ አይቶት የማያውቀውን ፊት እናቴ በአንድ እይታ ለየችው፤ የወለደችውን ፊት ግን እርስዎ ማን ነዎት ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሥዕሉ ፊት ለፊት እንደተቀመጠች ከፋት። «ሥዕል እንዲህ ተገልጦ ይውላል? መጋረጃ እንኳ የለውም?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በመጋረጃ ተሸፍኖ ይውልና ለጸሎት ነው የሚገለጠው። ከዚያ እኔ አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ ወደ ንግሥቲቱ ዞራ ተሳለች። «ልጄን አምጪልኝ። አንድ ጊዜ ዓይኗን ልየው እንጂ ቀይ መጋረጃ አገባልሻለሁ» አለቻት።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እሷ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። እኔ ደግሞ በጣም ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ኪስታ ካለው የገበያ ማዕከል ቀይ ጨርቅ ገዛሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። መጋረጃው ተሰቅሎ ስታይ ስለቷ እንደደረሰ ይገባታል፤ ልጇን ፍለጋ ዓይኗን ስታዞር እኔን ታገኛለች። አንዴ በስሜ ብትጠራኝ ይበቃኝ ነበር። ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰፋሁት፤ ዳሩንም በወርቅማ ጥለት ከፈፍኩት። ነርሷ መጀመሪያ እምቢ አለችኝ፤ በእሳት አደጋ ደንቡ ኮሪደር ላይ ጨርቅ አይሰቀልም። እዚህ አገር ስለትም ደንብ አለው። ለአንድ ከሰዓት ብቻ ብዬ ስለምናት እናቴን ስለምትወዳት ፈቀደችልኝ።

እሁድ መጋረጃውን ሰቀልኩና እናቴን ከክፍሏ እየገፋሁ አወጣኋት። አየችው። በዚያች በደከመች ድምፅዋ እልል አለች። ከፊቷ ተንበረከክሁ።

«መጣች ማለት ነው» አለች። «ልጄ መጣች ማለት ነው።»

«አዎ እማዬ፣ መጣሁ። እኔ ነኝ።»

ፊቴን በትዕግሥት ተመለከተችው። ከዚያ ዓይኗ በትከሻዬ ላይ አልፎ ወደ ሊፍቱ ሄደ፤ ወደ እኔ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

«እርስዎ ነዎት የሰቀሉት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ደግ ሰው ነዎት። ግን ያልደረሰ ስለት አይገባም፤ በእሷ ላይ መቀለድ ይሆናል። ቶሎ ያውርዱት እባክዎ፣ ተቀይማ ልጄን እንዳታስቀርብኝ።»

አወረድኩት። እናቴ ጨርቁን ተቀብላ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ ዳሩን ከዳሩ አገናኝታ፣ በመዳፏ እየዳመጠች አጠፈችው። ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤት ቀሚሴን የምታጥፈው እንዲሁ ነበር። እጇ አልረሳም። አይቼ እንባዬ መጣ፤ እሷ ግን ሥራዋ ላይ ስለነበረች አላየችኝም።

አጥፋ ስትጨርስ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አደራ፣ ያቆዩልኝ። ልጄ ስትመጣ እንሰቅለዋለን።»

«እሺ» አልኳት።

ልሄድ ካፖርቴን ሳነሳ ክንዴን ያዘችኝ። «ካልቸኮሉ ትንሽ ይቀመጡ» አለችኝ። «አብረን እንጠብቃት።»

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሊፍቱ በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እያልን ጠበቅናት።