ከጥቁሩ ቤት ሦስት ምስክር

ሰው ለሚወደው ነገር ታማኝ ይሆናል ይባላል። ውሸት ነው። ሰው ታማኝ የሚሆነው ትቶት ሲሄድ ያጠራቀመውን ይዞ መውጣት ለማይችለው ነገር ነው። ፍቅር የሚባለው በኋላ ይመጣል፤ መውጫ እንደሌለ ሲታወቅ። ይህን ከመጻሕፍት ተምሬው ቢሆን ደስ ባለኝ። ብዙ አንብቤያለሁ፣ አንዱም አልነገረኝም። የተማርኩት ወረታ ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያ አለፍ ብሎ በነበረ፣ ወለሉ አፈር በሆነ የጌም ቤት ነው።

ግንባሩ አገሩን በሚመራበት ዘመን ነው፤ እኛ መምህራን አንድ ለአምስት ተደራጅተን እርስ በርስ የምንገማገምበት። ከአዲስ አበባ ተመድቤ የመጣሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላኝ ወንደላጤ ነበርኩ። ግምገማው ሲያልቅ ሰው የሚጠብቀኝ ቤት አልነበረኝም። ጌም ቤት ሄድኩ።

ቤቱ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዙ ሁለት ጥቁር የጨዋታ ማሽኖች ነበሩት። ኩባንያው ያወጣላቸው ስም ነበራቸው፤ እኛ ግን «ጥቁሩ» ነበር የምንላቸው። ከመካከላችን የራሱ ማሽን ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ኩባንያውም ቢሆን ወረታ የሚባል ከተማ መኖሩን የሚያውቅ አይመስለኝም። በየጨዋታው እየከፈልን በምንከራየው ዕቃ ግን «የኛ» እያልን እንማማልበት ነበር።

ጥቁሩ የደከምክበትን የሚያስቀምጥልህ ሜሞሪ ካርድ በምትባል፣ ከክብሪት ቀፎ በማትበልጥ ፕላስቲክ ላይ ነው። ያቋቋምከው የኳስ ቡድን፣ ያመጣኸው ተጫዋች፣ ያነሣኸው ዋንጫ ሁሉ እዚያች ላይ ነው። ከጠፋች ሁሉም ጠፋ። በዚያ ግፊያ መሀል ደግሞ ኪስ አይታመንም። ስለዚህ አንዱ ጫፏን በጋለ ሚስማር በሳና በማተቡ ላይ አሰራት። የአንገት ክር ገላ ሲታጠቡም አይወልቅም፤ ከዚህ የተሻለ ማስቀመጫ ከየት ይመጣል? በሳምንት ውስጥ ክርስቲያኖቹ ሁላችን ካርዳችንን ከመስቀላችን ጎን አንጠለጠልን። ሙስሊሞቹ ኪሳቸው ውስጥ ሰፏት። ማንም ነውር ነው አላለም፤ የሚል ሰው እዚያ ቤት አይገባማ።

የቤቱ የቅርብ ወዳጄ እኩያዬ ነበር። ከወረታ ዙሪያ ካለው ሜዳ፣ ከገበሬ ቤተሰብ የመጣ፣ ከተማው ውስጥ በሩዝ ወፍጮ ቤት የሚሠራ። ከሥራ ሲመጣ የሩዝ ብናኝ እስከ ቅንድቡ ያለብሰው ስለነበር «ሽማግሌው መጡ፣ ተነሡላቸው!» እያሉ ይስቁበታል። እርሱም ከልቡ እንደተከበረ ሰው ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቡድን አብረን መራን። ቡድኑን በወረታ ስም ሰይመን ለተጫዋቾቹ የምናውቃቸውን ሰዎች ስም ሰጠናቸው። በረኛው እኔ ነበርኩ፤ ብዙ ገብቶብኛል።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተ፤ ማሽኑ ነጭ። ሥዕሉ ከኛ ይልቅ የጠራ ነበር፤ ይህን ዛሬ ነው የምናገረው፣ ያኔ ምላሴ ቢቆረጥ አልልም ነበር። ነጩ ካርድ አይቀበልም፣ ሁሉን የሚይዘው በራሱ ሆድ ነው። ማዶ የተሻገረ ሰው ዋንጫው ሁሉ እዚህ ቀርቶ እንደ ጀማሪ ከዜሮ ይነሣል። ስለዚህ አልተሻገርንም፤ አለመሻገራችንንም ታማኝነት አልነው። የተማርኩት እኔ ስለነበርኩ ፍልስፍናውን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። «ጥቅም ያለበት ታማኝነት ታማኝነት አይባልም» ብዬ ስናገር አንድ የባጃጅ ሹፌር አፉን ከፍቶ ያዳምጠኝ ነበር። ተማሪዎቼ እንዲያ አዳምጠውኝ አያውቁም።

ይኸው ሹፌር በራችን ላይ ቆሞ ወደ ማዶ ይጮኻል። «እናንተ! ፍሪጃችሁ ቀዘቀዘላችሁ ወይ?»

«ከሰላችሁ ካለቀ ንገሩን፣ እንልክላችኋለን!» ይላሉ ከዚያ።

አንድ ቀን ወዳጄን ማዶ ተቀምጦ አየሁት። ሲወጣ ጠብቄ ያዝኩት።

«ምን ነካህ ጃል?»

«ሣሩ» አለኝ።

«ሣሩ ምን ሆነ?»

«የነጩን ሜዳ አይተኸዋል? ክረምት ሲወጣ የኛን ሜዳ ነው የሚመስል። ከብት ልቀቅበት፣ ልቀቅበት ይልሃል።» ከዚያ ክሩን ከአንገቱ ሳብ አድርጎ ቋጠሮውን ላላ አደረገና ካርዷን አውጥቶ ሰጠኝ። «ያዛት፣ ላንተ ትሁን።» ክሩን መልሶ ቋጠረው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ መልሶ ቋጥሮታል።

ገባሁና ለቤቱ ሁሉ «ማተቡን በጠሰ!» አልኩ።

በጣም የተዋጣለት አነጋገር መስሎኝ ነበር። እኔ ባደግኩበት ሰፈር የምሳሌ ንግግር ነው፤ ቃሉን አፈረሰ፣ ከዳ ማለት ነው። ቤቱ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጄ ባለፈ ቁጥር ሠላሳ ሰው እጁን ወደ ገዛ አንገቱ ሰዶ ክር እንደሚበጥስ ያስመስላል። በገበያ ቀን ባጃጅ ነጂው ሰው በሞላበት መንገድ ከኋላው እየነዳ ጥሩምባውን እያስጮኸ «በጠሰው! ማተቡን በጠሰው!» አለ። ገበያተኛው ስለ ጥቁርና ነጭ ማሽን የሚያውቀው የለም። የሚያውቀው ማተብ ምን እንደሆነ ነው። ሰውየውን አየ፣ ቃሉን ሰማ፣ ጨውና በርበሬውን ሸምቶ ወሬውን ይዞ ወደየአገሩ ገባ።

ወዳጄ ከወረታ አለፍ ብላ ባለችው በይፋግ አንዲት ልጅ አጭቶ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ ተፈቅዶለት፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የልጅቱ አባት ለሽማግሌዎቹ «ሃይማኖቱን ለለወጠ የምሰጠው ልጅ የለኝም» ብለው ላኩባቸው።

በቀን፣ ብናኙን እንኳ ሳያራግፍ ቤቴ መጣ።

«ምን ብለህ ነው የጠራኸኝ?»

«ቀልድ እኮ ነው።»

«እሱን ይፋግ ሄደህ ንገራቸው። እኔ ብናገር የሌባ መሐላ ነው የሚሆንብኝ።»

«ልጅቱስ ምን አለች?»

«እሷን ማን ጠየቃት?» አለ። ቆይቶ «ገበያ ላይ አይታኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች» አለኝ። ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ወንበር ነበር፤ አላየውም።

በማግሥቱ ሚኒባስ ይዤ ይፋግ ሄድኩ። በርብ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ሲያጠጡ የነበሩ ሰዎች ትዝ ይሉኛል፤ እኔ በመስኮት እያየኋቸው ንግግሬን አጠናለሁ። መግቢያ ነበረው፣ ማስረጃ ነበረው፣ መደምደሚያም ነበረው።

የልጅቱ አባት ሸበቶ ገበሬ ናቸው። «መምህር፣ ይግቡ፣ ይግቡ» ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። ልጃቸው ልሆን የምችለውን ሰው «እርስዎ» ሲሉኝ አፈርኩ።

«አባቴ፣ ልጁ ማተቡን አልበጠሰም። የፈታው ካርድ ነው።»

«የምን ካርድ? የምርጫ?»

«አይደለም።»

«የስልክ?»

«የጨዋታ ነው።»

«ቁማር ነው በሉኛ!»

«ኧረ ቁማር አይደለም! ኳስ ነው፣ በቴሌቪዥን…»

«ኳስ በካርድ?»

መግቢያዬም ማስረጃዬም እዚያ ላይ አለቀ። ሌላ ባጣ የራሴን ክር ከሸሚዜ ሥር አውጥቼ አሳየኋቸው። መስቀሉና ፕላስቲኩ ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል። ጠጋ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እርሱም ይኸን አስሮ ነበር?»

«አስሮ ነበር። እርሷን ፈታ እንጂ ክሩን አልነካውም።»

«አንተ እንግዲህ ሲፈታው አልበጠሰም ነው የምትለኝ።» አንተ አሉኝ። «እኔ የምለው፣ የበጠሰው ሲያስረው ነው።»

ክሩን ወደ ሸሚዜ ሥር መለስኩት። እርሳቸው ግን ክፉ ሰው አልነበሩም። «ይሁን፤ የልጅነት ነው ብዬ ልለፈው» አሉ። «ግን አገር ሰምቶታል። ያንተ ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ወዳጁ ነህ። የሰደቡት ይምጡ። ከሰደቡት ወገን ሦስት ሰው፣ በሽማግሌ ፊት፣ ‹ስለ ጨዋታ ነው እንጂ ስለ ሃይማኖት አልነበረም› ይበሉ። እስከ ሆሳዕና እጠብቃለሁ።»

በደስታ ልሞት ነበር። ሦስት ሰው! ጥቁሩ ቤት ሠላሳ ሰው አለ።

ያንኑ ቀን ቤቱ ሲሞላ ቆሜ ሁሉን ነገርኳቸው። ባጃጅ ነጂው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ «ለነጩ ቤት ሰው?» አለ።

«ሚስት ሊያጣ ነው እኮ!»

«ፍሪጁን ያግባ።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀልዱ ጥሩ ነበር።

ሌላው «መጀመሪያ ወደ ቤቱ ይመለስ፣ ያኔ እንነጋገራለን» አለ። ይህን እንደ ተስፋ ይዤ ሮጬ ነገርኩት። ወዳጄ ተነሥቶ መጣ። ካርዷን ሰጠሁት፤ ክሩ ላይ መልሶ ለማሰር እጁ ሲሄድ አየሁና እኔው ተቀብዬ ማሽኑ ላይ ሰካኋት። ጥቁሩ ያኔ ሌንሱ ደክሞ ስለነበር ሲዲ የሚያነበው ተገልብጦ ሲቀመጥ ብቻ ነው። በዚያ በተገለበጠ ማሽን ፊት የሩዝ ብናኝ ለብሶ ተቀመጠና ተጫወተ።

«ሣሩ አልናፈቀህም?» አለው አንዱ።

«አልናፈቀኝም» አለ። ጎልማሳ ሰው እንዲያ ሲለምን ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

ባጃጅ ነጂው ወዳጄ ተጫውቶ እስኪጨርስ ጠበቀና «ይኸ ለሚስት ብሎ የመጣ ነው» አለ። «ጥቅም ያለበት ታማኝነት ታማኝነት አይባልም።» ወደ እኔ ዞሮም «አይደለም እንዴ ቲቸር?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየቤታቸው ዞርኩ። አንዱን ጋራዥ ሄጄ፣ ሌላውን ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ፣ አንዱን ከእናቱ ፊት ለመንኩ። አንዱ ረቡዕ እሺ ብሎኝ ዓርብ «ቤቱ ምን ይለኛል?» አለ። ሌላው «ሁለት ካገኘህ ሦስተኛ እሆናለሁ» አለኝ፤ እንዲህ ያሉኝ አራት ናቸው፣ ፊተኛ ልሁን ያለ ግን አልነበረም። ሳይለመን «እኔ እሄዳለሁ» ያለኝ ካርዱን ኪሱ ውስጥ የሰፋው ሙስሊም ጓደኛችን ብቻ ነው። እርሱም ትንሽ አሰበና «ግን እኔ ስለ ማተብ ብመሰክር ማን ይሰማኛል?» አለ።

በሆሳዕና ዕለት ይፋግ የሄድነው እኔና ወዳጄ ብቻ ነን። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ዘንባባውን በጣቱ ቀለበት አድርጎ ይመለስ ነበር። አባትየው ደጃቸው ላይ ቆመው ከኋላችን ያለውን መንገድ አዩ።

«ሦስቱስ?»

«አልመጡም» አልኩ።

«ሠላሳ ሰው ሲሰድብ ተሰምቶ ሦስት የሚያስተባብል ጠፋ?» ቁጣ የለበትም። ያዘኑ ነው የሚመስሉት። «እንግዲያው እውነት ነው ማለት ነው።»

ወዳጄ ኮሌታውን ከፈተ። ክሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፊት ሳበው፣ ቆዳው እስኪቀላ ድረስ።

«ይኸማ ክር ነው» አሉት አባትየው፤ ገብተውም በሩን ዘጉ።

ልጅቱ በዚያው ዓመት ለሌላ ተዳረች። ወዳጄ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሦስተኛ አልላከም።

የጥቁሩ ሌንስ በቀጣዩ ዓመት ጨርሶ ሞተ። መጀመሪያ ማዶ የተሻገረው ባጃጅ ነጂው ነው። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። እኔም ተሻገርኩ። ሣሩ እውነትም ያምራል። ማናችንንም ማተቡን በጠሰ ያለን የለም፣ ምክንያቱም የሚለን ሰው አልቀረም ነበር። እኔ ዝውውር አግኝቼ ወጣሁ። ዛሬ ሁለቱም ቤቶች ስልክ ይሸጣሉ፤ የትኛው ጥቁሩ፣ የትኛው ነጩ እንደነበር ብትጠይቅ የሚነግርህ አታገኝም።

እርሱ ግን እዚያው ነው። ባለፈው ስሄድ አገኘሁት፤ ብናኙ አሁን ከጠጉሩ አይለይም። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ወጣቶቹ «በጣሹ» ይሉታል፤ ከየት እንደመጣ አያውቁም፣ ሩዝ ከመፍተግ ጋር የተያያዘ የሥራ ስም ይመስላቸዋል። ሲጠሩት አቤት ይላል። አቤት ማለቱን ነው ልሸከመው የማልችለው።

ወረታ ከሄድክ በዚያ ስም አትጥራው። ስሙን ጠይቀው።