የመቅደሱ ልክ

አደይ ገብረ መስቀልን የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች «ማስመሪያ» ይሏት ነበር። ለተረብ ያወጡት ስም ነው፤ ግን ያለቦታው አልተለጠፈም። የተጣመመ ጠረጴዛ ካየች ሳታቃና አትቀመጥም፤ ሰው በወሬ መሀል «በግምት» ካለ ፊቷ ይከፋል። ከአዲስ አበባ በሕንፃ ንድፍ ተመርቃ በ1976 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስትመደብ፣ በዚያ ቢሮ ከንድፍ ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ይህን በየጊዜው የሚያስታውሳት ሞልቶ ነበር፤ ያመሰገናት ግን የለም።

ዘመኑ ገበሬው ከየቀየው ተነቅሎ በመስመር የሚሰፍርበት ነው፤ የአደይ ሥራ ደግሞ መስመሩን ማስመር። አርባ ቤት በዚህ፣ አርባ ቤት በዚያ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ቦታው ኮረብታ ይሁን ረግረግ፣ ውሃው ይቅረብ ይራቅ፣ ማንም አይጠይቅም። እሷ አንዴ ጠይቃ ነበር፤ «አንቺ አስምሪ» ተባለች። እያሰመረች ሁለት ዓመት አንጀቷ አረረ።

በ1979 ጥቅምት ላይ የቢሮው ኃላፊ ጓድ አስማማው እሷንና የሥራ ባልደረባዋን አካሉን ጠርቶ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዕድል መጥቷል፤ አንዱ ሞስኮ፣ አንዱ ፕራግ።

«በውጤት የምትበልጪው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ቅደሚ» አላት። «የተረፈው የአካሉ ነው። ደግሞ አንዴ ከፈረምሽ መመለስ የለም።»

የሞስኮው የሚፈልገው የመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። የሚያስተምረውም ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ በክሬን የሚገጣጠም ሕንፃ ነው። የፕራጉ ግን የቆየ ሕንፃ መለካትና መጠገን ያስተምራል፤ ለመግባት የሀገሩን አንድ ጥንታዊ ሕንፃ ከውስጥም ከውጭም ለክቶ፣ ነድፎ፣ አዲስ አበባ ባሉ መምህራን ፊት ማቅረብ ያስፈልጋል።

ቢሮው በሙሉ ሞስኮ አለ። ሞስኮ የሄደ ኃላፊ ሆኖ ይመለሳል፤ ፕራግ የሄደ ምን ሆኖ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። የሚገርመው አካሉ ራሱ፣ እሷ ብትተወው የሚያገኘውን ዕድል፣ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ የገባውን ያዢ» ብሎ መከራት። ያን ጊዜ ምክሩን እንደ ምቀኝነት ቆጠረችው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

ሁለት ሳምንት አሰበችበት። ከሥራ ስትወጣ ሹም አቦ ሰፈር ወዳለው ኪራይ ቤቷ በቀጥታ አትሄድም፤ የሐይቁን ዳር ይዛ ሁለቱን ወረቀት እያገላበጠች ትዞራለች። ሞስኮን ስታስብ ያው አርባ ቤት በዚህ አርባ ቤት በዚያ ይታያታል፤ ልዩነቱ ወደ ላይ መደራረቡ ብቻ። ፕራግን ስታስብ የሚታያት አንድ ቤት ነው፤ እሱንም አይታው አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ መምሬ ገብረ መስቀል ከጣና ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። የደብሩን ስም ተዉት፤ ጥፋቱ የደብሩ አይደለም። ደሴቱ ላይ ሴት ከወደቡ አታልፍም። አደይ በልጅነቷ አባቷን ለመሸኘት በታንኳ ትሄድና ወደቡ ድንጋይ ላይ ትቀራለች፤ ወንድሞቿ ሽቅብ እየሮጡ ይወጣሉ። ሲመለሱ «ውስጡ ምን ይመስላል?» ትላቸዋለች። «ትልቅ ነው» ይሏታል፤ ሌላ አያውቁም። ሕንፃ መንደፍ የተማረችው በዚያ ቁጭት ነው ብትባል አትክድም።

እና ፕራግን መረጠች፤ ያን የደሴቱን ቤተ ክርስቲያን እነድፋለሁ ብላ ፈረመች። አካሉ አሁንም አልተዋትም። «እሺ፣ ካልሽ አልሽ። ግን ዘጌ ሂጂና ለሴት የተፈቀደውን ገዳም ለኪ። በገዛ ዓይንሽ ያየሽውን።»

«ዘጌን ሁሉም ያውቀዋል» አለችው። ግምት የምትጠላዋ ሴት ያላየችውን ቤት ልትነድፍ ቆርጣ ተነሣች። ግትርነት ከብልህ ሰው ጋር ሲኖር መድኃኒት የለውም።

የሚለኩላት አባቷ ሆኑ። መጀመሪያ ሜትሩን ስታሳያቸው እንደ እባብ ሸሹት። ስለዚህ ክንዳቸውን ለክታ አርባ ስምንት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ስታገኘው፣ በገመድ ላይ በየክንዱ ቋጠሮ አሰረችላቸው። የአገልግሎት ሰሞናቸው በሆነ ጊዜ ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ለክተው ይወርዳሉ፤ እሷ ወደቡ ላይ ሰሌዳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃቸዋለች። ወረቀት አይዙም። ቅኔ የቋጠረ ጭንቅላት ነውና የሃያ መስኮትና የስምንት በር ቁመትና ወርድ ሳያዛንፉ ይነግሯታል። እሷም ሰው አታምንምና አንዱን በር በሌላ ቀን ደግመው እንዲለኩት አደረገች፤ ያው ሆነ። ከዚያ ወዲያ አመነቻቸው።

የቀረው ቄስና ዲያቆን ብቻ የሚገባበት፣ መሀል ላይ ያለው መቅደስ ነበር። የዚያን ቀን አባቷ ቆይተው ወረዱ። ከውሃው ዳር ተቀምጠው ፊታቸውን ታጠቡ።

«እህ፣ አባባ?» አለች።

ዓይናቸውን ከሐይቁ ሳይነቅሉ፣ «ሃያ ክንድ በሃያ ክንድ ነው። ቁመቱም ሃያ ክንድ» አሉ።

አደይ እርሳሷን አስቀመጠች። የቄስ ልጅ ናት፤ ይህ ቁጥር ከየት እንደሆነ ታውቃለች። ሰሎሞን የሠራው ቅድስተ ቅዱሳን ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም ሃያ ክንድ ነበር። ደብሩን ያነጹ ሊቃውንት ያንኑ ልክ ጣና ላይ አምጥተው ተከሉት ማለት ነው! ማንም ያላየውን እኔ አየሁ ብላ አባቷን አቅፋ ሳመቻቸው። በር አስደግማ ያስለካች ልጅ ያን አንዱን ልክ ብቻ «ይድገሙልኝ» አላለችም። ቁጥሩ በጣም አምሮባት ነበር።

ንድፉ አምስት ሉህ ሆነ። የመጨረሻው ላይ መቅደሱን ብቻ ነድፋ ስለ ሰሎሞን ልክ አንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፈችበት።

የካቲት ላይ አዲስ አበባ ከሦስት ሰዎች ፊት ቀረበች። መሀል የተቀመጡት ዶክተር አምሐ የሚባሉ ሽማግሌ መምህር ናቸው። አራቱን ሉህ እያደነቁ አገላበጡ። አምስተኛው ላይ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ገብተሽ አይተሽዋል?»

«ለሴት አይፈቀድም። አባቴ ለኩልኝ፤ ቄስ ናቸው።»

«እኔ በወጣትነቴ ከለኩት ሰዎች አንዱ ነበርሁ፤ ፈቅደው አስገብተውን» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ሰባት ሜትር እንኳ አይሞላም። የደቡቡ ግድግዳ ከሰሜኑ ያጥራል፤ አራቱም እኩል አይደሉም። እህቴ፣ አንቺ ያመጣሽልን ሕንፃውን ሳይሆን መጽሐፈ ነገሥትን ነው።»

በግራ የተቀመጠው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም፤ እሳቸው ቢስቁ ይሻላት ነበር። «አንዱ እንዲህ ከሆነ የቀረውን በምን እናምናለን?» አሉና ሉሆቹን ጠቅልለው መለሱላት። የቀረው ሁሉ ትክክል ነበር። ማን ይስማት?

ባሕር ዳር ስትመለስ የሞስኮው ደብዳቤ በአካሉ ስም ወጥቷል። ጓድ አስማማው ቀና ብሎም አላያት፤ «ፈርመሻል» አለ። ከሁለት ያጣ ሆነች። አካሉ ሊሰናበታት ሲመጣ ዘጌን አላነሣም፤ «ነግሬሽ ነበር» ቢላት ኖሮ ቢያንስ የምትጣላው ሰው ታገኝ ነበር።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአባቷ ቤት ሄደች። ደጅ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

«አባባ፣ መቅደሱን ለክተውታል?»

ዳዊቱን አጠፉ። «ለካሁ አላልሁሽም። ልኩን ነገርሁሽ።»

«ልኩ አይደለም! የለኩት ሰው ፊቴ ተቀምጠው ነገሩኝ!»

«እነሱ የለኩት ጭቃውን ነው። የመቅደስ ልክ በመጽሐፍ ያለው ነው። ምን ላድርግ ነው የምትይ? ከመንበሩ ሥር ገመድ ልዘርጋ? ታቦት ያለበትን ለመንግሥት ወረቀት ልስፈር?»

«ታዲያ አልለካም አይሉኝም ነበር? ሌላ ቤት እለካ ነበር እኮ! ዘጌ እሄድ ነበር!»

መምሬ ዳዊታቸውን ወደ ማኅደሩ መለሱት። «ልነግርሽ ነበር» አሉ። «አቅፈሽ ሳምሽኝ። ደስታሽን ላጠፋው አልወደድሁም።»

 ዋሽተው ቢሆን ኖሮ ትቆጣቸው ነበር፤ ሊጎዷት አስበው ቢሆን ትሸሻቸው ነበር። ከፈጣሪም ከልጅም ጋር ላለመጋጨት ብለው ነው ሕይወቷን የዘጉት፤ ለዚህ ምን ዓይነት ቁጣ ይገኝለታል? ያን ቀን አልቅሳ ወደ ኪራይ ቤቷ ተመለሰች፤ ሰኞ ጠዋት ሌላ አርባ ቤት አሰመረች። ስሟ ከዕጩዎች መዝገብ ወረደ፤ ሁለተኛ ዕድል አልመጣላትም።

በዓመቱ የመንደሩ ዝክር በአባቷ ቤት ሆነና ጠላ ልትቀዳ ሄደች። አንዱ እንግዳ፣ «መምሬ፣ ልጅዎ ፈረንጅ አገር ልትሄድ ነው ሲባል ሰምተን ነበር» አላቸው።

«ልትሄድማ ነበር» አሉ መምሬ፣ ፊታቸው እየበራ። «ታቦቱን ለመንሁት፤ አስቀረልኝ። ይኸው አጠገቤ አለች።»

ሰው ሁሉ «እሰይ! እሰይ!» አለ። አደይ እንስራውን ይዛ ቆማለች። ጎንበስ ብላ ዋንጫቸውን ሞላችላቸውና «ይጠጡ፣ መምሬ» አለቻቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ «አባባ» ብላ ጠርታቸው አታውቅም። መንደርተኛው እንደሚጠራቸው «መምሬ» ትላቸዋለች፣ በቤትም በደጅም። እሳቸው ግን አክብራኝ ነው ብለው ደስ ይላቸዋል፤ ለሰውም ይነግራሉ።