ልጄ «ቡታጅራ» ያለች ቀን

ልጄ ከንፈሯና ላንቃዋ ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው። ከንፈሯ ገና ጨቅላ ሳለች ተሰፋ፤ ላንቃዋ ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል። ልብስ ሰፊ ነኝና ስፌት አውቃለሁ፤ ጠባሳዋ እንደ ክር ቀጥኖ ሳየው «የሰፋት እጅ ይባረክ!» አልኩ። ወተትም በአፍንጫዋ መውጣቱን ተወ።

ንግግሯ ግን አልጠራም። ድምፅዋ በአፍንጫዋ እየሾለከ «ዳቦ» ለማለት «ናሞ» ትላለች። የምንኖርባትን ቡታጅራን «ሙናኝራ» ትላታለች። ሰው «ምን አለች?» ባለ ቁጥር የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። አምስት ዓመት ሲሆናት እኔ ከሌለሁ አፏን አትከፍትም ነበር።

አዲስ አበባ ወስደን ያሳየናት የንግግር ባለሙያ፣ «ላንቃዋ በደንብ ገጥሟል፤ አሁን አየሩን በአፏ ማውጣት ትልመድ» አለችን። የቤት ሥራም ሰጠችን። ከስፌት መኪናዬ ላይ ስስ ብጣሽ ጨርቅ አንጠልጥዬ ልጄን ፊት ለፊቱ አስቀምጣታለሁ። «ቡ» ስትል ጨርቁ መወዛወዝ አለበት። ለሳምንታት ንቅንቅ አላለም። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ተቃቅፈን እንደገና እንጀምራለን። አንድ ቀን ከሰዓት «ቡ!» ስትል ጨርቁ ብድግ አለ። ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ ያላለቀ ቀሚሷን እንደለበሰች እልል አለችልን!

ሌሎቹንም ድምፆች እንዲሁ ለወራት ከተለማመድን በኋላ ነው ወልቂጤ እህቴን ልንጠይቅ የሄድነው። ስንመለስ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሾፌር፣ «ወዴት ናችሁ?» አለን። እኔ ጎንበስ ብዬ የሻንጣዬን ዚፕ እየዘጋሁ ነበር።

«ቡታጅራ!» አለች ልጄ።

«ቡታጅራ? ከኋላ ሁለት ሰው ይቀረኛል፣ ግቡ።»

ምን አለች ብሎ አልጠየቀኝም! ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ።

«እትዬ፣ አትገቡም እንዴ?»

ወንበር ላይ እንኳ ሳልደላደል ለባሌ ደወልኩ።

«ሰማት! ሰውዬው ሰማት እኮ!»

«ማነው የሰማት?»

«እኔ እንጃ! የማላውቀው ሰው!»

ያኔ ገባውና «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» አለኝ።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። «ሰ» ዛሬም ታስቸግራታለች፤ ጥርሷም ገና ሐኪም ይፈልጋል። ያን ቀን ግን ይህ ትዝ አላለኝም። አጠገባችን የተቀመጡ እናት ወደ ልጄ ዘንበል ብለው፣ «አንቺስ ትምህርት ቤት ገብተሻል?» አሏት። ልጄ እንደ ልማዷ ቀና ብላ አየችኝ። መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥ አደረግኩትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ዘንድሮ እገባለሁ» አለች። «ደብተር ገዝተናል።»

«ማሻአላህ!» አሉ እናትየው። «ስንት ደብተር?»