ቀርከሃው የወረወረው ድንጋይ

ከቡሬ ወደ ማንኩሳ በእግሬ ስመለስ ነው ያየሁት። መስከረም ከገባ ሳምንት አልሞላውም፤ ሰማዩ ያካፋል። ከፊት ከፊቴ ሕፃን ያዘለች አንዲት መንገደኛ በአንድ እጇ ዣንጥላ፣ በሌላው የጨው ቋጠሮ ይዛ ትሄዳለች። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ከበቆሎ ማሳ ብቅ አሉና አስቆሟት። በእጃቸው የተጠበሰ እሸት ይዘዋል። ባዶ እጅ እንደሌላት ሲያዩ ዣንጥላውን ተቀበሉና በልታ እስክትጨርስ በላይዋ ዘርግተው ቆሙ። እሳቸው ግን ዝናብ ይመታቸዋል። ደግሞም አላረፉም፤ በዚያች አፍታ ሦስት ጊዜ ዞረው ወደ ማሳቸው ተመለከቱ።

ሴትዮዋ መርቃቸው ስትሄድ እኔ ደረስኩ።

“እንደምን ዋሉ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ና እሳት ሙቅ፤ አንድ እሸት አለልህ።”

ገና ልቀመጥ ስል ከማሳው ውስጥ “ቋ!” የሚል ድምፅ አስደነገጠኝ። እሳቸውም ብድግ አሉ፤ መንገዱን ግራ ቀኝ አይተው ተመለሱ።

“ያ የኔ ጉድ ነው” አሉ።

አያ ክንዱ ይባላሉ። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠራ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ባለቤታቸው ደስታነሽ ጉልበቷን ስለሚያማት ማማ ላይ ወጥታ ዝንጀሮ መጠበቅ አትችልም። እሳቸውም አርሞ፣ አጭዶ፣ በማኅበሩ እርሻ ሠርቶ፣ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ መዋል አልሆነላቸውም። ስለዚህ በሐምሌ ከማሳው አጠገብ ካለችው ምንጭ በቀርከሃ ውሃ ሳቡ። ውሃው አንድ ቅል ይሞላል፤ ቅሉ ሲከብደው ይደፋል፤ ሲደፋ አንዱን የእንጨት ክንድ አስፈንጥሮ ቆርቆሮ ያስመታል፣ ሌላውን ደግሞ ጠጠር ያስወረውራል። ክንዱ ሲመለስ ከቀርከሃ ቱቦ ሌላ ጠጠር ተንከባሎ መዳፉ ላይ ያርፋል። አሮጌ ካፖርትና የሰሌን ባርኔጣ ሲያለብሱት ሰው መሰለ። አገሩ ሊያየው መጣ። በመጀመሪያ “የክንዱ አሽከር” አሉት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ታከለ “አሽከር የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ጓድ በሉት” ቢል፣ “ጓድ ቆርቆሮ” ተብሎ ቀረ።

“በነሐሴ አንድ ዝንጀሮ ዝር አላለም” አሉኝ አያ ክንዱ። “እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ምሳ በላሁ። ስንት ዘመኔ! እግዜርን አመሰገንኩት።”

በእኛ አገር መንገደኛ ከማሳ ዳር አንድ ራስ እሸት ቢቀጥፍ ማንም አይከለክለውም። በአኩፋዳ መያዝ ነው ነውሩ። ማማ ላይ ያለ ሰው ሌባውንም ዝንጀሮውንም መንገደኛውንም ይለያል፤ ቅሉ ግን ሲሞላ ይደፋል እንጂ ማን እንደቆመ አያውቅም። በነሐሴ መጨረሻ እማዋይሽ የምትባል የማንኩሳ ሴት ከገበያ ስትመለስ አንድ ራስ ቀጠፈች። ጠጠሩ ከቅንድቧ በላይ መታት።

“ምሳ ላይ ነበርኩ። ደሟ እየወረደ ከደጄ መጣች። ድንጋዩንና በቆሎውን መድረኩ ላይ አስቀመጠች። አንድ ቃል ሳትናገር ሄደች።”

አያ ክንዱ በማግሥቱ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ ወደ ታከለ ሄደው “አጥፍቻለሁ፤ ቅጡኝ” አሉ።

“ምን አጠፉና? እርስዎ ምሳ እየበሉ ነበር” አለ ታከለ። “የመታት ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ አስሬ ልምጣ?” በስብሰባው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። “ይልቅ ለማኅበሩ እርሻ አራት ይሥሩልን። ለመስቀል ይድረሱ።”

የመንደሩን ሽማግሌዎች ቢለምኑም አልሆነም። እርቅ መቺና ተመቺ ይፈልጋል፤ እዚህ መቺው የታለ? አሏቸው። በደስታነሽ በኩል ለእማዋይሽ መልእክት ላኩ። የመጣው መልስ ግን ከዝምታዋ ይልቅ ጎዳቸው።

“ማንን ነው ይቅር የምለው? እንጨቱን? አያ ክንዱ ማማው ላይ ቢሆኑ ኖሮ ‘አንቺ፣ ሁለት አድርጊው’ ይሉኝ ነበር።”

ከዚያ ወዲህ አያ ክንዱ ዕረፍት የላቸውም። የጠጠሩን ቱቦ ቢደፍኑት ዝንጀሮዎቹ ባዶ ቆርቆሮ መሆኑን በሁለት ቀን ለዩ፤ ሲሶው በቆሎ ተበላ። ቱቦውን ከፈቱት። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ በማሳውና በመንገዱ መካከል ይመላለሳሉ፤ ሰው ሲመጣ ሮጠው ውሃውን ይዘጋሉ፣ ሲያልፍ ይከፍታሉ፣ እሸት እየጠበሱ መንገደኛ ይቀበላሉ።

“ደስታነሽ ምን አለችኝ መሰለህ? ‘ድሮ ዝንጀሮ ትጠብቅ ነበር፤ አሁን ዘበኛህን ትጠብቃለህ’ አለችኝ። እሷ ትቀልዳለች።”

“ታዲያ ስለ አራቱ ምን ወሰኑ?”

“ይኸን አንዱን ሳልጨርስ? የእማዋይሽ ዓይን እኮ አሁንም ይጋርዳታል። አራቱን ሠርቼ ብሰጥና አንዱ የሰው ልጅ ዓይን ቢያጠፋ፣ ማኅበሩ ‘ቀርከሃው ነው’ ይላል፣ ሽማግሌው ‘መቺው የታለ’ ይላል። የሰው ደም ፈስሶ ባለቤት ያጣል ማለት ነው። ይኸ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።”

ውሃውን ዘግተው መጡና ከኪሳቸው ያችን እማዋይሽን የመታች ጠጠር አወጡ፤ የእንቁላል ግማሽ ታህላለች። በደለኛ ይቅርታ ሲለምን በአንገቱ ድንጋይ እንደሚሸከም እናውቃለን።

“ይችን ተሸክሜ ልሂድ አልኩ። አንገት ላይ አትቆምም፤ ትንከባለላለች” ብለው ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። “በነጠላ ቋጥሬ አስራታለሁ። የማንኩሳ ሰው ነህ አይደል? እማዋይሽን ታውቃታለህ?”

“አውቃታለሁ። ጽዋችን አንድ ነው።”

ቀና ብለው አዩኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ወደ ማሳው ሳይዞሩ የቆዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

“እንግዲያው ለእሑድ ሽማግሌ ሁነኝ፤ ይዘኸኝ ግባ። እንዳትከራከርልኝ። ‘አላወቀም’፣ ‘ቤቱ ነበር’ እንዳትል። እደጇ ስንቆም እኔን በጣትህ አሳያትና ‘የወረወረው ይኸ ነው’ በልልኝ።”